ድንጋይ የሚያገላብጥ እጅ

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ደህና ነኝ። ይህን ያስቀደምኩት ደብዳቤ ስትከፍቺ መጀመሪያ የምትፈልጊው እሱን እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ አይወድም። ዕድሜውን ሙሉ ግንብ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯልና መብቱ ነው።

የጠየቅሽኝን በየተራ ልመልስልሽ። ማን እንደሚጽፍልኝ ጠይቀሻል። ቀድሞ ይጽፉልኝ የነበሩት አስተማሪ ልጃቸው ዘንድ ሄደው በዚያው ቀሩ። አሁን የምትጽፈው የተከራዬ ሚስት ናት። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። አገራቸው ሲፈርስ ልጆቻቸውንና አንድ የስፌት መኪና ይዘው የመጡ ስደተኞች ናቸው። የጓሮውን ክፍል፣ ያንቺን ክፍል፣ ሰጥቻቸዋለሁ። አትቆጪ። አንቺም በዚያ ክፉ ጊዜ ነፍስሽን ብቻ ይዘሽ ስትወጪ በሰው አገር አንድ ሰው በር ከፍቶልሻል። ደግሞ ሰው የማይተነፍስበት ቤት ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ይህን የምነግርሽ እኔ ግንበኛው ነኝ። ጽሑፏ ውብ ነው ይሉኛል። እኔ ፊደሉን ባላውቀውም መስመሩን አያለሁ፤ ቱንቢ የተጣለበት ይመስላል። "አባባ፣ ይሄንንም ልጻፈው?" ትለኛለች። ጻፊው፤ ምስጋና ነው።

በከተማው ስለሚወራው ጠይቀሻል። ወሬ ነው። ከገበያው ጀርባ ሕንጻ የሚሠራው ተቋራጭ ስደተኞችን በርካሽ ቀጠረ፤ የኛ ልጆች ሥራ ፈቱ። እጅ ሥራ ሲፈታ አፍ ሥራ ይይዛል። ትንሹም እንደነሱው ቤት ተቀምጧል። የሟቹ ወንድሜ ልጅ፣ አብራችሁ ያደጋችሁት፣ ዛሬ በር ጎንበስ ብሎ የሚገባው ሰውዬ፣ አንቺ ባወጣሽለት ስም እስከ ዛሬ ትንሹ ነው። ከእኔ በኋላ በዚህ ከተማ ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ካለ እሱ ነው። እንዲህ ማለቴን እንዳትነግሪው፤ ይጠግባል።

የላክሽው መነጽር ሣጥን ውስጥ ነው። ላነብበት አይደል! ሩቁን እንደሆነ ያለእሱም አየዋለሁ። ስልክም ልላክ አትበይኝ። በስልክ የተነገረ ነገር ጆሮ ላይ ይቀራል፤ ደብዳቤ ግን ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲናፍቅሽም ይወጣል።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ጸሐፊዬ ያንቺን ደብዳቤ ስታነብልኝ ቆየችና "አባባ፣ ይሄ ፊደል ከበፊቶቹ ጋር አይመሳሰልም፤ ሌላ ሰው ነው የጻፈው" አለችኝ። አንቺ የተማርሽ ሰው፣ ምን ሆነሽ ነው እንደ እኔ የምታስጽፊው?

አባትሽ

ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

በሕይወት አለሁ። ወሬው እዚያ ድረስ መድረሱን ከደብዳቤሽ ሰማሁ፤ ክፉ ወሬ ትኬት አይቆርጥም። ቤቱ አልተቃጠለም። የተቃጠለው የማዕዘኑ ሱቅ ነው፤ የሱቁ ጌታ ስደተኛ እንኳ አልነበረም፤ ለስደተኛ በዱቤ ይሸጣል ተብሎ ነው። የኔ በር ከማጠፊያው ተነቅሏል። ግንቡ ግን አልተነቃነቀም። አልተነቃነቀም ብለሽ ጻፊ አልኳት፣ የእርስዎ ግንብ ምን ሆነ እንዳትዪኝ።

ልብስ ሰፊው ሆስፒታል ነው። ድንጋይ ራሱን መታው። ይሻለዋል። ይህን ስናገር ጸሐፊዬ ቀና ብላ አየችኝ። "ይሻለዋል ብለሽ ጻፊ" አልኳት፤ ጽፋዋለች።

ፖሊስ የት ነበር ብለሻል። ጣቢያው ከቤቴ ጮክ ብለሽ ብትጣሪ የሚሰማበት ቦታ ነው። ተጣርተናል። ፖሊሶቹ የመጡት፣ ስደተኛ ይውጣ እያለ የወረረን ሰው ሲደክመው ነው። ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ አልታየንም እንዳይሉ እንኳ ጨለማ አልነበረም።

በማግስቱ ለስደተኞች የምትሟገት አንዲት ጠበቃ መጣች። የተነቀለውን በር ተሻግራ፣ ጫማዋ በመስታወት ስብርባሪ ላይ እየተንኮሻኮሸ ገባች። ወንበር ሰጠኋት።

"አባት፣ ሕጉ ግልጽ ነው" አለችኝ። "በዚህች ምድር ላይ የቆመ ሰው፣ ዜጋም ይሁን ስደተኛ፣ አካሉንና ሕይወቱን የመጠበቅ ግዴታው የመንግሥት ነው።"

"ታዲያ ያን ቀን ሕጉ የት ዋለ?" አልኳት።

አልተቆጣችም። "ሕግ እግር የለውም፤ የሚሄደው በምስክር እግር ነው" አለች። ጉልበቴን እያሻሸሁ አሳየኋት። ሳቀች። እኔ ግን ለሳቅ ብዬ አልነበረም።

አንቺም እንደ እሷ ጠይቀሽኛል፤ የወረወረውን ሰው አይተዋል ወይ ብለሽ። ሰው ብዙ ነበር። ፊታቸውን ሸፍነው ነበር። ይኸው ነው። ከዚህ ወዲያ ስለዚህ ነገር አትጠይቂኝ።

እኔ የጠየቅኩሽን ግን አልመለስሽልኝም። ሥራ በዝቶብኝ ጓደኛዬ ጻፈችልኝ ብለሻል። የግንበኛ ልጅ ነሽ፤ ውሸት ስትደረድሪ ውሃ ልኩ ያሳብቅብሻል። እጅሽ ምን ሆነ?

አባትሽ

ኅዳር 29 ቀን

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ይህን የምትጽፍልኝ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ናት። ሆስፒታል ታጸዳለች፤ ደክሟት ገብታ ነው የምትጽፍልኝ፤ እርስዎም ያመስግኗት።

አባባ፣ ቀኝ እጄ ተሰብሯል። እስከ አሁን የደበቅኩት በሩቅ ሆነው የማይጠግኑትን ነገር ለምን ላሸክምዎት ብዬ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ነው። ሰውየው መጀመሪያ በአፉ ነበር። "ወደ አገርሽ ሂጂ" አለኝ። "የትኛው አገሬ?" አልኩት። የእርስዎ ምላስ ነው ለዚህ ያበቃኝ። ክንዴን ጠምዝዞ ከመጠበቂያው ብረት ጋር አጋጨው። ከዚህ በላይ አልነግርዎትም።

እዚህ አገር ሕግ አለ አባባ። የመኖሪያ ወረቀቴን ስቀበል አንብበውልኛል፤ የስደተኛ አካል እንደ ነዋሪው አካል የተጠበቀ ነው ይላል። ፖሊሶቹም ክፉ አልነበሩም። ውሃ ሰጡኝ፣ መዝገብ ከፈቱ። ግን እዚያ መጠበቂያ ላይ ዘንቢል የያዘች አንዲት ሴትዮ ነበረች። ሁሉንም አይታለች። ዓይን ለዓይን ተያይተናል። አውቶቡሷ ሲመጣ ዘንቢሏን አነሳችና ተሳፈረች። ፖሊስ ፈልጎ አገኛት። "ምንም አላየሁም" አለች። መዝገቡ ተዘጋ። እጄን የሰበረው ሰውየው ነው፤ እንቅልፌን የወሰደችው ግን ሴትዮዋ ናት።

ስለዚህ ልለምንዎት ነው። አትጠይቂኝ ብለውኛል፤ አልጠይቅም፤ እለምናለሁ። ያን ቀን ያዩት ሰው ካለ ይናገሩ። ማንም ይሁን ማን፣ አላየሁም አይበሉ። ልብስ ሰፊውን አላውቀውም፤ ግን እኔ በተኛሁበት ክፍል የሚተኛ ሰው ነው። ይማርልኝ፤ ሰላም ይበሉልኝ።

ብቻዎን አይውጡ። ትንሹ ከጎንዎ አይለይ። እሱ ካለ አልሰጋም። ጎንበስ ካለልዎ ግንባሩን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ

ታኅሣሥ 20 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ደብዳቤሽን ጸሐፊዬ አነበበችልኝ። እጅሽ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ አነሰ። "ጮክ በይ" አልኳት። ደግማ አነበበች። ለምን ነገርሽኝ አልልሽም፤ ለምን ቆየሽ ነው የምልሽ። አብራሽ ላለችው ልጅ እጇ ይባረክ በያት። ብረቱ ላይ ያጋጨሽን ሰውዬ ግን… እሱን ጸሐፊዬ አልጽፍም ብላለች።

ልብስ ሰፊው ሰላምታሽን አልሰማም። ሞቷል። ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ አልነቃም ነበር። ይሻለዋል ያልኩሽ የሚስቱ እጅ ስለሆነ የሚጽፈው ነው። ቀበርነው። ከሰፈሩ ሰው የመጡት ከመንገዱ ማዶ ቆመው አዩ፤ መንገዱን የተሻገረ አልነበረም። ያንን መንገድ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ያን ያህል ሰፊ አይደለም።

አሁን የምናገረውን ለሁለታችሁም ነው የምናገረው፤ ላንቺና ለምትጽፈው። ፊት ለፊት ልነግራት ስጀምር ምላሴ እየተያዘ ብዙ ከርሜያለሁ። አንዷ በወረቀት ትስማ፣ አንዷ በጆሮዋ።

ድንጋይ ፊት አለው። ግንበኛ ድንጋይ ሲያነሳ ዝም ብሎ አያስቀምጥም፤ በመዳፉ ላይ አገላብጦ ፊቱን ይፈልጋል፣ ፊቱን ወደ ውጭ ያዞራል። ግንበኛ ያልሆነ ሰው ድንጋይ ያነሳል፣ ይወረውራል፣ አለቀ። ያን ቀን ደጄ ላይ ከነበሩት መሐል አንዱ፣ ፊቱን በሻርፕ የጠቀለለው ረጅሙ፣ ድንጋይ አነሳ። በግራ መዳፉ አንዴ አገላበጠው። በአውራ ጣቱ ጠርዙን ዳሰሰው። ከዚያ ነው የወረወረው። ልብስ ሰፊው በሩን በትከሻው ደግፎ፣ በስንጥቁ አንገቱን አስግጎ "ኧረ ልጆች አሉ!" እያለ ነበር።

በግራው አገላብጦ በአውራ ጣቱ ጠርዝ እንዲዳስስ ያስተማርኩት፣ ቁመቱም እንዲያ የሆነ፣ አንድ ሰው አውቃለሁ። ትከሻውን አውቀዋለሁ፤ ሕፃን ሳለ ተሸክሜዋለሁ።

ትንሹ ነው።

እዚህ ላይ ቀለሙ ይለወጥብሻል። ብዕሩ ቆሞ ነበር። "ጻፊ" አልኳት። ጻፈችው። ከዚያ ብዕሩን ከደነች፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች፣ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት መጣች። ሰላምም አላለችኝ። ወረቀቱን ዘረጋችና "ከየት እንቀጥል?" አለችኝ።

"ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ እስከ ዛሬ ዝም ብዬሻለሁ" አልኳት።

"ለምን ዝም እንዳሉ ገባኝ። አሁን ይናገሩ እንደሆነ ነው የማላውቀው።"

"አንቺ ይናገሩ አትዪኝም?"

"አባባ፣ እኔ በሰው አገር ነኝ። የእርስዎን ልጅ አሳልፈው ይስጡኝ ብዬ በምን አፌ ልለምን? የለመነችው ልጅዎ ናት።"

እኔም የለመንሽኝን ስም ነግሬሻለሁ። ማንም ይሁን ማን ብለሽ ነበር። አሁንም እንደዚያ ትያለሽ?

አባትሽ

የካቲት 6 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ፊደሉ ቢለወጥብሽ አትደንግጪ። የሚጽፍልኝ አስር አለቃ ነው፤ እኔን እንዲጠብቅ ደጄ ላይ ተመድቧል። ጢሙ ትልቅ፣ ፊደሉ ትንሽ ነው ይባላል። በየመሐሉ "ከላይ በተጠቀሰው ቀን" እያለ ያስገባል። እኔ እንዲህ አላልኩም ስለው "ያለሱ አይጸናም፣ አባት" ይለኛል። ታገሺው።

ጸሐፊዬ የለችም። ቃሌን ለፖሊስ ከሰጠሁ በኋላ ዛቻ ሲበዛ እሷንና ልጆቿን ሌላ ከተማ ወሰዷቸው። የት እንደሆነ ለእኔም አይነገረኝም፤ ሕጉ የሚጠብቃት እንዲህ ነው፣ ከሚወዳትም ከሚጠላትም ደብቆ። መኪና ሲመጣ ልጆቹ ከእኔ በር ላይ የተረፈውን ማጠፊያ ይዘው አንለቅም አሉ። የስፌት መኪናው አልገባ ብሎ ቀረ። ያንቺ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጨርቅ አልብሼዋለሁ።

ደብዳቤሽን አስር አለቃው አነበበልኝ። "ትንሹ መሆኑን ባውቅ አልለምንም ነበር፤ ያልኩትን እንዳላልኩ ይቁጠሩት" ብለሻል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ። ግን አልተቆጣሁሽም። ያቺን ዘንቢል የያዘች ሴትዮ ሳስባት ነው የከረምኩት። አንቺ ልበ ደንዳና ናት ትያለሽ። እኔ ግን ሰውየውን ታውቀው ይሆናል እላለሁ። የወንድሟ ልጅ ይሆናል። አዝላ አሳድጋው ይሆናል። እኔስ በኅዳሩ ደብዳቤ "ሰው ብዙ ነበር" ብዬሽ የለም? ያን ጊዜ አውቶቡሱ ላይ ተሳፍሬ ነበር። አሁን ወርጃለሁ። በለመንሽኝም ባትለምኚኝም።

የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች መጥተው ነበር። ሞቶ የተቀበረ አይመለስም፤ ለሚስቲቱ ካሳ እናዋጣና ነገሩን በሽምግልና እንጨርሰው አሉኝ። ጠበቃዋን ስጠይቃት "የሰው ሕይወት በእርቅ የሚዘጋ መዝገብ አይደለም፤ ክሱ የመንግሥት ነው" አለችኝ። እንደዚያው ነገርኳቸው። "እንግዲህ ብቻህን ሽማግሌ ሁን" ብለው ሄዱ። ዳቦ ሻጩ አስር አለቃው ሲጠይቀው አለ ይላል፣ እኔ ስጠይቀው አልቋል። በደጄ የሚያልፍ ሰው አስር አለቃውን የሚያየው የሚጠብቀኝ ሳይሆን ያሰረኝ አድርጎ ነው።

ትንሹን ይዘውታል። እናቱ መጣች። አስር አለቃው ሊያግዳት ሲል አሳልፋት አልኩት። አልተቀመጠችም።

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ነዎት አባቱ" አለችኝ።

"አውቃለሁ።"

"ዓይኔ ደክሟል ይበሉ። ሽማግሌ ነዎት፤ ማን ይፈርድብዎታል?"

"ዓይኔ አልደከመም።"

"ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው ጋሼ። እነዚያ መንገደኛ ናቸው፤ ይኸው ሄዱ። የምንቀባበረው እኛ ነን።"

"አንዱን ቀብሬዋለሁ" አልኳት።

ያኔ ነው አንተ ያለችኝ። ለወንድሜ ከተዳረች ጀምሮ አንተ ብላኝ አታውቅም። "አንተ ሰው፣ ድንጋይ ስትጠርብ ኖረህ ድንጋይ ሆነህ ቀረህ" አለችኝና ወጣች። አስር አለቃው ደብተሩን አውጥቶ "ዛቻ ነው? ልመዝግበው?" አለኝ።

"ሐዘን ነው" አልኩት። "ለሐዘን የሚሆን ገጽ አላችሁ?"

ደብተሩን መለሰው። ይህንንም እሱ ራሱ ነው የጻፈው።

አባትሽ

መጋቢት 28 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

እጅሽ ከጀሶው መውጣቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። አትቸኩይ፤ የተጠገነ ነገር ቀስ ብሎ ነው ሸክም የሚለምደው። ስለ ችሎቱ ጠይቀሻል። እነግርሻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን ደግሜ አልናገረውም።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ልስኑ የተነሳ። ስጠብቅ ያየሁት ልስኑን ነው፤ ሌላ የማየው ነገር ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበርና። ትንሹ በካቴና፣ አንገቱን ደፍቶ።

የትንሹ ጠበቃ ተነሳ። "አባት፣ የወረወረው ሰው ፊቱ ተሸፍኖ ነበር?"

"ተሸፍኖ ነበር።"

"ታዲያ በምን ለዩት?"

"በእጁ።"

"እጁ ላይ ስሙ ተጽፎ ነበር?" ሰው ሳቀ።

"ቢጻፍም አላነበውም፤ ፊደል አልቆጠርኩም" አልኩት። ይባስ ሳቁ።

"መነጽር አለዎት?"

"አለኝ። ሣጥን ውስጥ።" ዳኛዋ ጠረጴዛውን እስኪመቱ ድረስ ሳቁ አልበረደም።

ስለ ድንጋዩ ፊት፣ ስለ ግራ መዳፍ፣ ስለ አውራ ጣት ተናገርኩ። ጠበቃው ሰማኝና "እንዲህ እንዲያገላብጡ ያስተማሩት አንድ ሰው ብቻ ነው?" አለኝ። ብዙ ልጆች በእጄ አልፈዋል። ብዙ ናቸው አልኩ። "ከእነዚያ መሐል ሌላ ረጅም ሰው የለም?" አለኝ። አለ። አለ አልኩ። "እንግዲያስ ሌላ ሰው ሊሆን ይችል ነበር።" ልጄ፣ ሰውየው ሥራውን ነው የሠራው፤ ትክክል ነው። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ፤ ለሌላ ሰው ግን እንደ ድንጋይ አንስቼ መዳፉ ላይ ላኖርለት አልቻልኩም። ዳኛዋ "የሚጨምሩት አለ?" አሉኝ። የለኝም አልኩ። ከመቆሚያው ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝና ተንገዳገድኩ። ከኋላ አንዱ "መነጽሩን አምጡላቸው!" አለ። እንደገና ሳቁ።

ትንሹ ተነሳ። ተቀመጥ አሉት፣ አልተቀመጠም። ጠበቃው እጅጌውን ያዘው፣ አስለቀቀው።

"አባባ አይዋሹም" አለ። "እኔ ነኝ። በሩን ልመታ ብዬ ነበር የወረወርኩት። አትሳቁባቸው።"

የቀረውን አስር አለቃው በልማዱ ይጻፈው፤ ተከሳሹ በሰጠው ቃልና በቀረበው ምስክርነት ጥፋተኛ ሆኖ በመገኘቱ በእስራት እንዲቀጣ ተወስኗል። ዓመቱን አልነግርሽም። እኔ አልደርስበትም፤ ምን ላድርገው ብዬ ልቁጠረው?

ጠበቃዋ ደጅ ላይ እጄን ጨበጠችኝ። "ከዛሬ በኋላ በዚህ ከተማ ስደተኛን የመታ ሰው የሚያየው እንዳለ ያውቃል" አለችኝ። እውነት ነው። እውነት መሆኑ ግን እጄን አላሞቀውም።

አስር አለቃው ነገ ይሄዳል፤ ትእዛዙ አብቅቷል። በሬን አዲስ ማጠፊያ አስገብቶ፣ ራሱ ሰቅሎልኛል። ጠማማ ነው የሰቀለው። አልነገርኩትም። አሁን ግን ሲጽፈው አወቀ።

አባትሽ

ሰኔ 10 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ይህን የምትጽፈው የትንሹ እናት ናት።

ደብዳቤሽን ፖስተኛው እሷ ዘንድ ጥሎት ሄዶ ይዛው መጣች። በር ላይ ሰጥታኝ ልትመለስ ነበር፤ የሚያነብልኝ ሰው እንደሌለኝ ታውቃለች፣ ቆመች። ከዚያ ገባች፣ ተቀመጠች፣ አነበበችልኝ። የማታ ትምህርት ቤት ስትገባ "በዚህ ዕድሜሽ ምን ሊያደርግልሽ ነው?" ብዬ ስቄባት ነበር። ከማንበብ በቀር ቃል አትሰጠኝም። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አንተም አንቱም አትለኝ።

በራስሽ እጅ መጻፍሽን ሳይነግሩኝ ነው ያወቅኩት። ወረቀቱን ሳየው መስመሩ ዘንበል ብሏል፣ ይንገዳገዳል። ዕድሜዬን ሙሉ ጠማማ መስመር ሳፈርስ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ደስ ያለኝ ጠማማ አላየሁም።

የስፌት መኪናውን ጠበቃዋ ሰው ልካ አስወሰደችው። የት እንደሄደ አልጠየቅኩም። አንድ ቦታ ይሰፋል ማለት ነው።

ይጠይቁታል ወይ ብለሻል። እሄዳለሁ፣ በየጥየቃው ቀን። የወሰድኩለትን ይቀበላል፣ "አልወጣም" ይላቸዋል። ባዶ ሳህኑን ያመጡልኛል፤ ታጥቦ ነው የሚመጣው። እሱን ያህል ያናግረኛል።

በዚህ ሳምንት ግን አየሁት። ወህኒ ቤቱ አጥሩን በድንጋይ እያሠራ ነው፣ የሚሠሩት እስረኞቹ ናቸው። በሽቦው በኩል ነው ያየሁት። ከስቷል። ይህን አትጻፊው አልኳት፤ ጽፋዋለች።

ድንጋይ አነሳ። ሳያገላብጥ አስቀመጠው። ሌላ አነሳ፤ እሱንም እንዳገኘው ጣል አደረገው። ልጄ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እሱ እኮ ዳቦ እንኳ አገላብጦ ነው የሚቆርሰው። እናትየው ለዓመታት የተቆጣችው በዚህ ነው። አሁን ድንጋዩን እንደ እሳት ነው የሚለቀው። የሠራው ግንብ ሆዱ ወጥቷል፤ የመጀመሪያውን ዝናብ አይችለውም። የማያውቅ ሰው ቢያየው፣ ይሄ ሰውዬ በሕይወቱ የግንበኛ ማንካ ይዞ አያውቅም ይላል። ፈርቶ ነው ቢሉኝ አላምንም። እኔ በእጁ መሰከርኩበት፤ እሱ እጁን ጣለው።

ያንቺ እጅ ድኗል። ስለዚህ ጻፊለት። እኔ የምለውን ሁሉ ብያለሁ፣ ችሎት ሰምቶታል፤ የሚቀረው አንቺ የምትዪው ነው። እናቱም ይህንኑ ልትልሽ ነው የተቀመጠችው፤ አፍ አውጥታ አልተናገረችም፣ ግን ወረቀት የገዛችው እሷ ናት። ፊደሉ ይንገዳገድ፤ እንዲያውም ሳታስተካክዪው ላኪለት።

እሱን ያየሁበት ቀን ዝም ብዬ አልተመለስኩም። ሽቦውን ይዤ "አገላብጠው!" ብዬ ጮኽኩ።

ዘበኛው "አባት፣ ከሽቦው ይራቁ" አለኝ።

"አገላብጠው እንጂ! ድንጋይ ፊት አለው!"

እስረኞቹ ሳቁ። ትንሹ ቀና አለ። መጀመሪያ እነሱን አያቸው፣ ሳቃቸው ቆመ። ከዚያ እኔን አየኝ። ድንጋይ ይዞ ነበር። አላገላበጠውም፤ አላስቀመጠውም። ዘበኛው ክንዴን ይዞ እስኪያወጣኝ ድረስ ቆምኩ። መንገዱን ተሻግሬ ዞር ስል፣ ትንሹ ድንጋዩን በግራ መዳፉ ላይ እንደያዘው ቆሞ ነበር።

አባትሽ